«ያዘኝ» ወይስ «ተነሳብኝ»? የሕመም አጀማመርን የሚናገሩ ቃላት ንጽጽር

ወሩ ኅዳር ነው እንበል፤ ክረምቱ አልፎ በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ ያቆረው ውሃ የወባ ትንኝ የሚያፈላበት ጊዜ። ጤና ጣቢያ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። አንዱ «ወባ ያዘኝ» ይላል። አንዷ «ወባዬ ተነሳብኝ» ትላለች። ሦስተኛው «አገረሸብኝ» ይላል። ካርዳቸው ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ነው፦ «ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት»። የተጻፈው ሐሰት አይደለም። ሰዎቹ የተናገሩት ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው፤ ልዩነቱም የትኛው መድኃኒት፣ ለስንት ቀን የሚለውን ይነካል።

አማርኛ ስለ ሕመም ሲናገር ሸክሙን የሚይዘው ግሡ ነው። የበሽታው ስም ብዙ ጊዜ የበሽተኛው ግምት ነው፤ ግሡ ግን በራሱ ላይ ያየውን ይናገራል። ከውጭ መጣ ወይስ ከውስጥ፣ ባንዴ ነው ወይስ እያደር፣ አዲስ ነው ወይስ የሚያውቀው። እናቱን ከሲዳምኛ ወይም ከወላይትኛ ወደ አማርኛ እያስተረጎመ የሚያሳክም ልጅ፣ ካርድ የሚጽፍ ነርስ፣ የጤና በራሪ ወረቀት የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ የሚጥለው ይኸንኑ ግሥ ነው። ሁሉም «ጀመረ» ተብሎ ያልፋል።

ያዘኝ፣ ተነሳብኝ፣ አገረሸብኝ

«ያዘኝ» ያልነበረ ነገር መጣ ማለት ነው። ጉንፋን፣ ወባ፣ ተቅማጥ፣ ስቅታ ይይዛሉ። ከሦስቱ ንጹሑ ይህ ነው፤ የራሱን አስተያየት አይጨምርም። ለአዲስ ሕመም እሱን ምረጡ። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የሚነግረን ሕመሙ የተሰማበትን ቀን እንጂ በሽታው ወደ ሰውነት የገባበትን ቀን አይደለም። ፋልሲፓረም በሚባለው የወባ ዓይነት ትንኟ ከነከሰች ጀምሮ ትኩሳቱ እስኪመጣ በአብዛኛው ከ9 እስከ 14 ቀን ያልፋል። «ትናንት ብላቴ አድሬ ዛሬ ወባ ያዘኝ» የሚል ሰው የተነከሰው ትናንት አይደለም። «ባለፉት ሦስት ሳምንታት የት የት አደሩ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

«ተነሳብኝ» ሕመሙ ቀድሞም ቤት እንደነበረው ይናገራል። አስም፣ ጨጓራ፣ ሪህ፣ ኪንታሮት፣ ሚግሬን ይነሳሉ፤ ተኝተው ነበርና። ጉንፋን አይነሳም። ቃሉን የሚናገር ሰው ሁለት ነገር ባንድ ላይ ይሰጣል፦ «ታሪክ አለኝ» እና «ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ»። የመጀመሪያው ወርቅ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ላብ ያጠመቃቸው የ55 ዓመት ሰው ደረታቸው ሥር እጃቸውን ጭነው «ጨጓራዬ ተነሳ» ካሉ፣ ቤተሰቡም ካርድ ጸሐፊውም «ጨጓራ» ብለው ይቀበላሉ፤ የልብ ደም ሥር መዘጋት ሊሆን እንደሚችል ማንም አያነሳም። ስለዚህ «ተነሳብኝ» በተባለ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተል፦ «ከዚህ በፊት ልክ እንዲህ አድርጎዎት ያውቃል?» መልሱ «ኧረ እንዲህስ አድርጎኝ አያውቅም» ከሆነ «ጨጓራ ተነሳ» የሚለው ከካርዱ ይውጣ። በምትኩ «ዛሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የጀመረ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ የላይኛው ሆድ ሕመም፣ ከላብ ጋር» ይጻፍና ሰውየው ያለ ተራ ይግቡ። ሴቶችና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች የልብ ችግራቸው በደረት ውጋት ፈንታ እንዲህ ባለ መልክ ሊመጣ ስለሚችል ለእነሱ ጥያቄው ይበልጥ ያስፈልጋል።

የ«ተነሳ» የቅርብ ዘመድ «ቀሰቀሰብኝ» ነው። ጥቅሙ ቀስቃሹን በስም ይዞ መምጣቱ ላይ ነው፦ «አቧራው አስሜን ቀሰቀሰብኝ»፣ «ሚጥሚጣው ጨጓራዬን ቀሰቀሰብኝ»። «ተነሳብኝ» ያለን ሰው «ምን ቀሰቀሰብዎት?» ብሎ መጠየቅ ከ«ምክንያቱ ምንድን ነው?» የተሻለ መልስ ያመጣል፤ ሁለተኛው ጥያቄ ፈተና ይመስላል።

«አገረሸብኝ» ሦስት እርከን ይጠይቃል፦ ታመምኩ፣ ተሻለኝ፣ ተመለሰ። ስሙ ግርሻ ነው። ቃሉ ትንሽ ወቀሳም አዝሏል፤ ሳይጠና ሥራ የወጣ፣ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ነው የሚያገረሽበት። በወባ ላይ ይህ ወቀሳ አንዳንዴ እውነት፣ አንዳንዴ ፍጹም ግፍ ነው። ፋልሲፓረም ጉበት ውስጥ ተደብቆ አይከርምም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከተመለሰ ወይ አዲስ ንክሻ ነው፣ ወይ መድኃኒቱ የወባውን ተሕዋስ ጨርሶ አልገደለም። የፋልሲፓረም መድኃኒት የሆነው ኮአርተም በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳል፤ በሁለተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ቀሪውን ፍሬ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ዘንድ «አገረሸ» ትክክለኛ ቃል ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ግን ሌላ ነው። ደሙ ከጸዳ በኋላም በጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያለ ምንም ንክሻ ይመለሳል። ሰውየው ደሙን የሚያጸዳውን ክሎሮኪን አንዲት ፍሬ ሳያስቀር ጨርሶ ሊሆን ይችላል። የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኩይን ነው፤ በተለምዶ ለ14 ቀን ይወሰዳል፣ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። እዚህ ላይ የሚሻለው ቃል የሴትዮዋ «ተነሳብኝ» ነው፤ ተኝቶ ነበር፣ ተነሳ።

ሕዝቡ ቃላቱን እንዲህ አበጥሮ አይጠቀምባቸውም፤ አይጠበቅበትምም። የሚጽፈው ሰው ግን ቢለያቸው ይጠቅማል። አዲስ ንክሻ ሲሆን «እንደገና ያዘው»፣ ከጉበት የተመለሰ ቫይቫክስ ሲሆን «ተነሳበት»፣ መድኃኒቱ ሳይጨርስለት የተመለሰ ሲሆን «አገረሸበት»። ለመለየት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ያለፈው መቼ ነበር፣ የትኛው ዓይነት ነው ተብለው ነበር፣ ስንት ፍሬ ተረፈ። የመጨረሻውን «መድኃኒቱን በትክክል ጨርሰዋል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው።

በስልክ ለሚነጋገሩም አንድ ነገር፦ «አገገመ» እና «አገረሸ» በተቆራረጠ መስመር ላይ አንድ ይሆናሉ፤ ትርጉማቸው ግን ተቃራኒ ነው። «ድኗል» ወይም «ተመልሶበታል» ማለት ይሻላል።

ጣለኝ፣ መታኝ

«ትናንት ጣለኝ» ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው አልጋ ላይ ጣለኝ ነው፤ ጉንፋኑ ወይም ወባው አላስነሳ አለኝ። ሁለተኛው መሬት ላይ ጣለኝ፤ የሚጥል በሽታ። በአንደኛው ትርጉም ሲሆን ቀኑ የሕመሙ መጀመሪያ አይደለም፤ ሰውየው መቆም ያቃተው ቀን ነው። ሕመሙ ከዚያ በፊት ሁለትና ሦስት ቀን ቆሞ ሲሄድበት የኖረ ሊሆን ይችላል። በተለይ የቀን ሠራተኛና የባጃጅ ሾፌር ካልጣለው «ታመምኩ» አይልም። ስለዚህ «ጣለኝ» ላለ ሰው «ከመጣልዎ በፊት ደህና የነበሩት መቼ ነው?» ይባላል። ሁለተኛውን ትርጉም ለማጣራት ደግሞ «ራስዎን ስተው ነበር?» ብሎ መጀመር ነው።

«መታኝ» ከውጭ የመጣ፣ ያልታሰበ፣ ባንዴ የሆነ ነገር ነው። ብርድ ይመታል፣ ፀሐይ ይመታል፣ ምች ይመታል፣ መጋኛ ይመታል፤ አሁን አሁን ስትሮክም ይመታል። ግሡ ስለ ፍጥነት የሚናገረውን እመኑት፤ ስለ ምክንያት የሚናገረውን ለጊዜው አቆዩት። ፊቱ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ ሰው «ብርድ መታኝ» ሲል ብርዱ አይደለም ቁም ነገሩ። ባንዴ የሆነ የፊት መጣመም ነው፤ እጁን ማንሳት፣ አጥርቶ መናገር ይችል እንደሆነ ወዲያው መታየት አለበት።

እግረ መንገድ፦ «የሳንባ ምች» የሕክምና ስም ነው፣ «ምች መታኝ» ግን የቤት ስም ነው። ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ወጥቶበት ዳማከሴ የተቀባው ሰው «ምች ነው» ይላል። በራሪ ወረቀት ላይ «ምች» ብሎ ብቻ መጻፍ አንባቢውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ «ሳንባ» የሚለው ቃል ፈጽሞ አይቅር።

«ድንገት» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይለካም

ሁሉም ሰው «ድንገት ነው የጀመረኝ» ይላል። ሦስት ቀን የፈጀውም፣ ሦስት ሴኮንድ የፈጀውም። መለኪያው ሌላ ጥያቄ ነው።

— እማማ፣ ራስ ምታቱ እንዴት ጀመረዎት?
— ድንገት ነው ልጄ።
— ሲጀምርዎት ምን እያደረጉ ነበር?
— ቶናውን እየቀዳሁ ነበር። ጀበናውን እንኳ ሳላስቀምጥ ራሴን ፈለጠኝ።

ሌላዋ እናት ለዚያው ጥያቄ «እንጃ፣ ቅዳሜም ሳይኖር አልቀረም፤ እሑድ ባሰብኝ» ትላለች። ሁለቱም «ድንገት» ብለው ነበር። የመጀመሪያዋ እጃቸው ላይ የነበረውን ዕቃ ያስታውሳሉ፤ እውነተኛ ድንገተኛ አጀማመር ምልክቱ ይህ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጫፍ የደረሰ ብርቱ ራስ ምታት በአንጎል ዙሪያ የደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል። ፓራሲታሞል ሰጥቶ የሚያሰናብቱት አይደለም። ቀጣዩ ጥያቄ «ከጀመረ እስኪጠና ምን ያህል ወሰደ?» ነው፤ ደቂቃ፣ ሰዓት ወይስ ቀን።

የሥቃይ ግሦችም ፍጥነትን ይናገራሉ። «ሰቅዞ ያዘኝ»፣ «ፈለጠኝ»፣ «ወጋኝ» ባንዴ የመጣን ነገር ይናገራሉ። «ደበተኝ»፣ «ከበደኝ»፣ «ተጫጫነኝ» እያደር የገባን። «ጠዘጠዘኝ» ስለ ፍጥነት ምንም አይልም፤ ስለ ምቱ ብቻ ነው። ትርፍ አንጀት እንዴት እንደሚጀምር ተመልከቱ፤ በአብዛኛው መጀመሪያ እምብርት አካባቢ «ይደብታል» ወይም «ይቆርጣል»፣ ከሰዓታት በኋላ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ወርዶ «ይወጋል»፣ ማስመለሱም ሕመሙን ተከትሎ ይመጣል። በሽተኛው በሁለት ግሥ የተናገረውን ጸሐፊው «የሆድ ሕመም ከትናንት ጀምሮ» ብሎ በአንድ ካጠቃለለው ጉዞው ጠፋ። ሁለቱንም ግሦች እንዳሉ መጻፍ ነው፤ አማርኛው ለካርድ አያሳፍርም።

ፍጥነቱ በሽታንም ይለያል። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» በአንድ ትንፋሽ የሚባል ነገር ሆኗል፤ አጀማመራቸው ግን አይመሳሰልም። ታይፎይድ እያደር ነው፣ ትኩሳቱ በየቀኑ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከፍ እያለ ይሄዳል። ታይፈስና ቅማል የሚያስተላልፈው ግርሻ ትኩሳት ግን በብርድና በማንቀጥቀጥ ባንዴ ይጀምራሉ። ግርሻ ደግሞ ስሙን እንዳገኘበት ለቀናት ይተውና ይመለሳል።

አመመኝ፣ ያመኛል፣ አሞኛል

ይህን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ በጽሑፍ ግን ይረሳል። «ሆዴን አመመኝ» አሁን ነው፣ ገና ነው። «ሆዴን ያመኛል» ልማድ ነው፣ የሚመጣና የሚሄድ። «አሞኛል» አሁንም ታምሜያለሁ ነው፤ መቼ እንደጀመረ አይነግርም። «ታመምኩ» ደግሞ ሰውነትን በሙሉ ይይዛል፤ ሰው ጣቱን «አመመኝ» እንጂ በጣቱ «ታመምኩ» አይልም። አስተርጓሚው «ያመኛል» የተባለውን «አመመኝ» ብሎ ካቀረበ፣ ዓመት የቆየ ሕመም የዛሬ ሆኖ ይታከማል። ፍቱኑ ጥያቄ «ዝም ብሎ ነው የሚያምዎት ወይስ ይተውና ይመለሳል?» ነው።

ሊይዘኝ ሲል

ከሕመሙ በፊት ያለውን ስሜት ለመናገር አማርኛ ደጋግሞ መጥራት ይወዳል፦ «ብርድ ብርድ አለኝ»፣ «ድክም ድክም አለኝ»፣ ጉሮሮዬን «ጫር ጫር አደረገኝ»። እነዚህን «ብርድ»፣ «ድካም» ብሎ ማሳጠር ስህተት ነው። ድግግሞሹ ገና አልለየለትም ማለት ነው። ትኩሳቱ «ለቀቀብኝ» እስኪል ያለው ጊዜ ይኸው ነው።

ኩፍኝ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚያ ነውና። ሽፍታ «ይወጣል»፣ ትኩሳት «ይጀምራል»። «ኩፍኝ መቼ ወጣበት?» ብትሏት እናት የምትነግራችሁ ሽፍታው የታየበትን ቀን ነው። ትኩሳቱ፣ ሳሉና የዓይኑ መቅላት ግን ከ2 እስከ 4 ቀን ቀድመው ጀምረዋል። ልጁ ለሌላ ሰው የሚያስተላልፈውም ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ከወጣ በኋላ እስከ 4 ቀን ነው። አንድ ቀን ብቻ የሚጽፍ መዝገብ የትኛውን እንደጻፈ ካልገለጸ፣ ልጁ አጠገብ የተቀመጡትን የክፍል ጓደኞቹን መፈለግ በተሳሳተ ቀን ይጀምራል። «ትኩሳት የጀመረበት» እና «ሽፍታ የወጣበት» ሁለት መስመር ይሁኑ።

ምጥም እንዲሁ ነው። «ምጥ ያዛት» እና «የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ» ሁለት የተለያየ ሰዓት ናቸው። ውሃው ከፈሰሰ 18 ሰዓት ካለፈ ለሕፃኑ የኢንፌክሽን ስጋት ይጨምራል፤ ስለዚህ የሚፈለገው ሰዓት የምጡ ብቻ አይደለም።

ስምንት ቀን ስንት ቀን ነው?

ሰባት። «የዛሬ ስምንት» ስንል ያለፈው ወይም የሚመጣው ሳምንት ያው ዕለት ነው፤ መነሻውን ዕለት አብረን ስለምንቆጥር። «የዛሬ አሥራ አምስት» ደግሞ ሁለት ሳምንት፣ 14 ቀን ነው። ለወሬ ግድ የለም። ለሕክምና ግን መስመሮቹ የሚሰመሩት እዚያው ላይ ነው። 14 ቀን የሞላው ተቅማጥ «የቆየ» ተብሎ በሌላ መንገድ ይታያል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ለሳንባ ነቀርሳ አክታ ያስመረምራል። ድንገት እግሩ ወይም እጁ የሰነፈ፣ አልታዘዝ ያለው፣ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለፖሊዮ ክትትል ሁለት የሰገራ ናሙና፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት፣ ስንፈቱ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ቆጠራው ከስንፈቱ ነው፤ ቀድሞ ከመጣው ትኩሳት አይደለም። «ስምንት ቀን ሆነኝ» ሲባል ስሌት ውስጥ ከመግባት ዕለቱን መጠየቅ ይቀላል፦ «ምን ቀን ነበር? ማክሰኞ?»

«ሰሞኑን»፣ «በቀደም»፣ «ሰነበተብኝ»፣ «ከረመብኝ» በመጠን ይለያያሉ እንጂ ቁጥር የላቸውም። «ከትናንት በስቲያ» ብቻ ነው የማያወላውለው። ቀን ለማያስታውስ ሰው በዓልና ገበያ ይረዳሉ፤ «ከመስቀል ወዲህ ነው?»፣ «ገብርኤል ስትሳለሙ ደህና ነበሩ?»። መስቀል መስከረም 17፣ የታኅሣሡ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ነው፤ ወደ ቀን መመለስ አያስቸግርም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጫምባላላም ጥሩ ማስታወሻ ነው። ግን ዕለቱን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉት ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ስለሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ የዘንድሮውን ቀን አጣርቶ መጻፍ ይገባል።

ሌሊቱ ከሁሉም ይከፋል። «ማክሰኞ ሌሊት» ማክሰኞ የነጋበት ሌሊት ነው ወይስ ማክሰኞ የመሸበት? አማርኛ ለዚህ የተሟላ ቃል አለው፦ አጥቢያ። «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ካላችሁ ማንም አይሳሳትም። ሰዓቱን «8:00» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁት ግን በፈረንጅ ሰዓት የሚያነብ ሐኪም ጠዋት አድርጎ ይወስደዋል፤ ስድስት ሰዓት ጠፋ። በስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ስድስት ሰዓት ማለት ሁሉም ነገር ነው። «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚሉት ቃላት ጌጥ አይደሉም። ተኝቶ ሲነሳ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ያለው ሰው ደግሞ የጀመረበት ሰዓት አይታወቅም፤ የሚጻፈው «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበት» ሰዓት ነው፣ ያነጋገረው ሰው ማን እንደሆነ ጭምር።

አጣዳፊ፣ ድንገተኛ፣ ከባድ፣ ሥር የሰደደ

በጽሑፍ ላይ ትልቁ መቀላቀል ይህ ነው። «አጣዳፊ» በፍጥነት የሚጀምርና ዕድሜው አጭር የሆነ ሕመም ነው፤ አተት ስንል የምናሳጥረው «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ከዚህ ነው። አጣዳፊ ሁሉ ከባድ አይደለም፤ ተራ ጉንፋንም አጣዳፊ ነው። አንባቢ ግን «አጣዳፊ» ሲያይ «አስቸኳይ» ብሎ ያነባል፤ የዕለት ተዕለቱ «አጣደፈኝ» እንደዚያ ነውና። ለበራሪ ወረቀት «በፍጥነት የሚጀምር» ብሎ መፍታት ይሻላል። «ድንገተኛ» የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ስለያዘው አሁን «ቶሎ መታየት ያለበት» ማለት ሆኗል። «ከባድ» ስለ ጉዳት መጠን ብቻ ነው።

«ሥር የሰደደ» ለባለሙያ ረጅም ጊዜ የቆየ ማለት ነው። በሽተኛው ግን ከዛፍ ነው የሚያነጻጽረው፦ ሥር ከሰደደ አይነቀልም። ለስኳር ሕመምተኛ ፊት ለፊት «ሥር የሰደደ በሽታ አለብዎት» ከማለት «አብሮዎት የሚቆይ፣ በክትትል የሚያዝ» ቢባል ሰውየው ሁለተኛ ቀጠሮው ላይ የመምጣት ዕድሉ ይሻላል ባይ ነኝ። በመዝገብ ላይ ይሁን፤ በአፍ ላይ አልመርጠውም።

«መነሻ» የሚለውን ቃል ግን ከቅጽ ላይ ባወጣው ደስ ይለኛል። «የበሽታው መነሻ» ምክንያቱ ነው? ቦታው ነው? ቀኑ ነው? ሦስቱንም ይችላል። ምክንያት ለማለት «መንስኤ»፣ ጊዜ ለማለት «የጀመረበት ቀንና ሰዓት»፣ ሁኔታ ለማለት «አጀማመር» አሉ። «አጀማመሩ፦ ባንዴ / በሰዓታት / በቀናት» የሚል መስመር ያለው ቅጽ ከማንኛውም ረጅም ማብራሪያ ይበልጣል።

ተጋለጠ፣ ተያዘ፣ ታመመ፣ ተገኘበት

ኤችአይቪ ላይ ሕዝቡ ይህን ልዩነት ከብዙ ዓመት ትምህርት በኋላ ለምዶታል፤ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሁሉ ታማሚ አይደለም። በሌሎች በሽታዎች ላይ ግን ገና ነው። «አምና ስኳር ጀመረኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ማለቱ አምና «ተገኘብኝ» ነው፤ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ ዓይንና ኩላሊት የሚጎዳውም በዚያ ጊዜ ጭምር ነው። ደም ግፊትም እንዲሁ። «የተገኘበት ዓመት» ብሎ መጻፍ እውነቱን አይነካም።

መጋለጥና መታመምን ማምታታት ሰው የሚገድለው በእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከተነከሰ እስከ ሕመሙ ምልክት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይወስዳል። «እስካሁን ምንም አልጀመረኝም» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ደህንነትን አያሳይም፤ ገና ጊዜ አለ ማለት ነው። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ክትባቱንም በዚያው ቀን መጀመር ነው። በወረቀቱ ላይ «የተነከሰበት ቀን» ይጻፍ፤ «የጀመረበት» የሚለው ቦታ ባዶ ይሁን።

በመካከል ያለውን፣ በሽታው ገብቶ ሳይታይ የሚቆይበትን ጊዜ፣ «የመፈልፈያ ጊዜ» ማለት ለዶሮ ያደላል። «ምልክት ሳያሳይ የሚቆይበት ጊዜ» ይርዘም እንጂ ማንም ይገባዋል፤ ለኮሌራ ከጥቂት ሰዓታት እስከ 5 ቀን።

ወረርሽኝ ሲሆን ደግሞ «ገባ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ጣት ይጠቁማል። ሰፈርን ከሰፈር፣ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርን ከቱላ የሚያጣላ ወሬ ከዚያ ይወለዳል። ለማስታወቂያ «ታየ» ወይም «ተከሰተ» ይሻላል፤ «ተዛመተ» ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ መሄዱ ሲረጋገጥ ብቻ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያዘው የስም ዝርዝር ላይ ብዙ ጊዜ «የመጣበት ቀን» የሚል ዓምድ ይገኛል። ማን የመጣበት? ግማሹ ጸሐፊ ሕመሙ የመጣበትን፣ ግማሹ በሽተኛው ጤና ጣቢያ የመጣበትን ይሞላል፤ ሁለቱ ተደባልቀው ሲደመሩ ወረርሽኙ መቼ እንደጀመረ ማወቅ አይቻልም። እንዲህ ያለ ቅጽ ታትሞ ካለቀ መጣል አያስፈልግም። ከዓምዱ ራስ ላይ በእስክሪብቶ «ሕመሙ» ብሎ ጨምሮ፣ ለሌላው ቀን በኅዳጉ ላይ አንድ መስመር ማስመር ይበቃል።